የድሬ ልጅነት እስከ የት ነው?

ድሬዳዋ ስለ ራሷ ስታወራ የምትደጋግመው ነገር አንድ ነው፤ «እዚህ ዘርህን የሚጠይቅህ የለም»። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ቡና የሚጠጣውም፣ ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚመዝነውም፣ ከመጋላ ሳቢያን ባጃጅ የሚያመላልሰውም ይህንኑ ይነግርሃል። እንግዳ ሰው ገና ሻንጣውን ሳያወርድ «ዋርያ» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ የከተማው ነው። ወሬ በኦሮምኛ ተጀምሮ፣ በሶማልኛ ቀጥሎ፣ በአማርኛ ቢያልቅ ዘወር ብሎ የሚያይ የለም።

ጉራው መሠረት አለው። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። ሐዲዱ ተራራውን ወጥቶ ሐረር መግባት ስላልሆነለት ከታች ሜዳው ላይ ቀረ፤ እሱን ተከትሎ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ከደጋ የወረደው፣ ከቆላ የመጣው ሁሉ ተከማቸ። በ1999 ዓ.ም ሕዝብ ቆጠራ የአስተዳደሩ ነዋሪ 341 ሺህ 834 ነበር። ከመቶው 46 ያህሉ ኦሮሞ፣ 24ቱ ሶማሌ፣ 20ው አማራ፣ ቀሪው ጉራጌ፣ ሐረሪና ሌላ ነው፤ በሃይማኖት ደግሞ 71 ከመቶው ሙስሊም፣ ሩቡ ኦርቶዶክስ።

የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁራን ለእንዲህ ያለ ከተማ የሚስማማ ንድፈ ሐሳብ አላቸው። የሐርቫርዱ ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ስለ ጭፍን ጥላቻ ባሕርይ ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሁለት ወገኖች ሲገናኙ ጥላቻቸው የሚቀንሰው አራት ነገሮች ከተሟሉ ነው አሉ፦ በእኩል ደረጃ ከተገናኙ፣ የጋራ ግብ ካላቸው፣ ግቡን የሚደርሱበት ተባብረው ከሆነ፣ ሕግና ባለሥልጣንም ግንኙነቱን ከደገፈ። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ በዚህ ላይ የተሠሩ 515 ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። ከተመረመሩት የጥናት ቡድኖች በ94 ከመቶው ውስጥ መገናኘት በበዛበት ጥላቻ አንሶ ተገኘ። በማኅበራዊ ሳይንስ እንዲህ ያለ ስምምነት ብርቅ ነው።

የድሬዳዋ ምድር ባቡር ይህን ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ ሳይጻፍ ይሠራበት ነበር ማለት ይቻላል፤ ግን በግማሹ። ፈረንሳዊው አለቃና አገሬው ሠራተኛ እኩል አልነበሩም። ቀጥ ያለ ጎዳና ያለው ከዚራ ለአውሮፓውያኑ ተቀየሰ፤ አገሬው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ ሰፈረ። እኩልነቱ የነበረው ከታች፣ በጥገና ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ሙቀት፣ ዘይትና ደመወዝ ሁሉንም አንድ ባደረገበት። «የድሬ ልጅ» የሚባለው ሰው የተወለደው እዚያ ይመስለኛል። ነሐሴ 1998 ዓ.ም ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድም፣ ከጎርፉ ሰው የሚያወጣው ሰው የሚያወጣውን ሰው ብሔር አልጠየቀም።

ጉራው የተሰነጠቀባቸው ቀናትም አሉ። በ2011 ዓ.ም ጥምቀት ታቦት ሲመለስ ድንጋይ ተወርውሯል። ሥልጣን «40-40-20» በሚባል ቀመር ለብሔር ሲከፋፈል ኖሯል። ሄንሪ ታጅፌል እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ በእንግሊዝ ብሪስቶል የ14 እና የ15 ዓመት ልጆችን በሁለት ሠዓሊዎች ሥዕል ምርጫችሁ መሠረት ነው ብሎ ከፍሎ ገንዘብ አካፍሉ ቢላቸው፣ ልጆቹ በስም እንኳ ለማያውቋቸው ለ«ወገኖቻቸው» አድልተዋል። ቡድን መፍጠር ይህን ያህል ቀላል ነው። ፕሮፌሰር ሀብታሙ ወንድሙን የመሰሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ምሁራን በኢትዮጵያ ወጣቶች የብሔር ማንነትና የጅምላ ፍረጃ ላይ ለዓመታት የደከሙት በከንቱ አልነበረም፤ በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ ከወልዲያ ጀምሮ በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪ ደም ሲፈስ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም።

እስከዚህ ያነሣሁት ልዩነት ግን የሚታይ ልዩነት ነው። ስም ይናገረዋል፣ አለባበስ ያሳየዋል፣ ዓርብና እሑድ ይለየዋል። ዛሬ ልጽፍ የተነሣሁት የድሬ መቻቻል አንድም ቀን ስላልተፈተነበት፣ ስለማይታየው ልዩነት ነው፦ ተመሳሳይ ጾታ ስለሚያፈቅሩ ወጣቶች። ርዕሱ ብዙ አንባቢን እንደሚያስቆጣ አውቃለሁ። ሕጉንም አልደብቅም። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ድርጊቱን ይቀጣ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት ያስቀጣል፣ ማክበጃ ምክንያት ካለ በአንቀጽ 630 ቅጣቱ እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም አቋማቸው የታወቀ ነው። የጥናት ሥራ ግን ሕግ ምን ይላል ከሚለው ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጥላቻ በተጠላው ሰው ላይ ምን ያደርሳል? በቤተሰቡና በከተማውስ ላይ?

በኢትዮጵያ ይህን ጥያቄ በድፍረት ካነሡት ምሁራን አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ጌትነት ታደለ ናቸው። የመነሻ ሥራቸው ስለዚህ ጉዳይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 ለአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደሴ ወጣት ወንዶች ላይ ያተኮረ ነው፤ ስለ ወሲብ፣ ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሥራ ማጣት። የዚያን ዘመን የመንግሥትና የድርጅቶች እምነት ወጣቱ ዕውቀት ስለጎደለው ነው የሚያዘው የሚል ነበር። ጌትነት ደሴ ወርደው ያገኙት ሌላ ነው። ልጆቹ ኤች አይ ቪ እንዴት እንደሚተላለፍ ያውቃሉ። የሌላቸው ነገ ነው። ነገ የሌለው ወጣት ዛሬን ለማትረፍ ብሎ የሚጠነቀቅበት ምክንያት አይታየውም። የመጽሐፉ ርዕስም የጨለመ ተስፋን የሚያነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ፊታቸውን አዲስ አበባ ውስጥ ከወንድ ጋር ወሲብ ወደሚፈጽሙ ወንዶች ያዞሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2011 በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ባወጧቸው ጽሑፎች ሁለት ነገር መረመሩ፤ የጤና አደጋውንና የወንድነት ትርጉሙን። የጤናው ነገር ማንም የጤና ባለሙያ ሊያስብበት የሚገባ ነው። በዚያን ዘመን ከሬዲዮ እስከ ግድግዳ ፖስተር፣ ከትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበብ እስከ ጭውውት ድረስ የነበረው የኤች አይ ቪ ትምህርት ሁሉ ስለ ወንድና ሴት ነበር። ፖስተሩ ላይ አንድ ወንድ አለ፣ አንዲት ሴት አለች። እዚያ ሥዕል ውስጥ ራሱን የማያገኝ ሰው ትምህርቱ እሱን አይመለከተውም። ቫይረሱ ግን ፖስተሩን አያነብም። ከእነዚህ ወንዶች ብዙዎቹ ደግሞ ሚስት ያገባሉ ወይም እጮኛ ይይዛሉ፤ ማኅበረሰቡ የሚጠብቅባቸው ይህንን ነውና። ስለዚህ አንድን ቡድን ከትምህርት ውጭ መተው በቡድኑ ላይ አያበቃም። ቤቷ ተቀምጣ ምንም የማታውቅ ሚስትም አለች።

ሁለተኛው ጥናት ስለ ወንድነት ነው። ጌትነት በቃለ መጠይቅና በመጠይቅ ያገኟቸው ወንዶች የሚኖሩት በተለየ ዓለም አልነበረም። እኛው ያደግንበትን የወንድነት ሚዛን ይዘው ያደጉ ናቸው፤ ወንድ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ቤት ያቆማል፣ አያለቅስም። በዚያ ሚዛን ራሳቸውን ሲመዝኑ ቀልለው ያገኙታል። የሚያሸማቅቃቸው የሰፈሩ ሰው ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ሰው ድምፅ ውስጣቸው ገብቶ ተቀምጧል። ኢላን ማየር የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ይህን ሸክም የአናሳነት ጭንቀት በሚል ማዕቀፍ ሰብስቦታል። በእሱ ትንታኔ ለጭንቀቱ መነሻ የሚሆነው የግለሰቡ ተፈጥሮ ሳይሆን በዙሪያው ያለው መገለል፣ ሁልጊዜ መጠንቀቅ፣ ሁልጊዜ መደበቅና የሌላውን ጥላቻ በራስ ላይ ማዞር ነው። ጭንቀቱ በሰውዬው ላይ ይታያል፣ ምንጩ ግን ከእሱ ውጭ ነው።

«ይህ የፈረንጅ ጥናት ነው» የሚል አንባቢ ይኖራል። የፈረንጅ አገር ሳይንስም ቢሆን ሲጀምር ፍርዱን ጨርሶ ነው የተነሣው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች እነዚህን ሰዎች በሽተኛ ይሏቸው ነበር፤ የሚያዩትም ሊታከም የመጣውን ወይም የታሰረውን ብቻ ነበር። ኤቭሊን ሁከር የተባለች የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመችው ጥናት 30 ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩና 30 ሌሎች ወንዶችን የሥነ ልቦና ፈተና ሰጥታ፣ ውጤቱን ያለ ስም ለታወቁ ባለሙያዎች አቀረበች፤ ለዩ ስትላቸው መለየት አቃታቸው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ከበሽታ ዝርዝሩ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1973፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በ1990 ነው። ይህ በእምነት ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ አንድ የሐኪም ቤት ጥያቄ ብቻ ይመልሳል።

ወደ እኛ ልመለስ። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው የሕዝብ አስተያየት ጥናት ኅብረተሰቡ ግብረ ሰዶምን ሊቀበል አይገባም ያሉ ኢትዮጵያውያን 97 ከመቶ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በየጥቂት ዓመቱ አንድ ማዕበል ይነሣል። ኅዳር 2004 ዓ.ም የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ አዲስ አበባ ሲካሄድ ከጉባኤው አስቀድሞ ስለ እነዚህ ወንዶች ጤና ሊደረግ የታሰበ ስብሰባ የሃይማኖት አባቶችን አስቆጣ፤ መግለጫ ሊሰጡ ተዘጋጅተው የጤና ጥበቃ ሚኒስትሩ ካነጋገሯቸው በኋላ ቀረ። ሚያዝያ 2006 ዓ.ም ሊደረግ የነበረ የተቃውሞ ሰልፍ ተሰረዘ። ግንቦት 2011 ዓ.ም አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት ተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪ ቱሪስቶችን ላሊበላ ሊያመጣ ነው ተባለና አገር ተናወጠ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም ደግሞ የአዲስ አበባ የጸጥታ አካላት ከሕዝብ በመጣ ጥቆማ ሆቴልና መዝናኛ ቤቶችን እየፈተሹ መሆኑን አስታወቁ፤ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ስምና ፎቶ እየተለጠፈ «እወቁት» ይባል ነበር።

አሁን የኦልፖርትን አራት ነጥቦች በዚህ ላይ እንሞክራቸው። እኩል ደረጃ? የለም። የጋራ ግብና መተባበር? ማን ከማን ጋር እንደሆነ ሳይታወቅ? የሕግ ድጋፍ? ሕጉ ተቃራኒው ነው። ከሁሉ በላይ ግን መገናኘቱ ራሱ የለም፤ ወይም አለ፣ ግን አይታወቅም። ግሪጎሪ ሄሬክ በአሜሪካ ባደረጋቸው ጥናቶች ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅር ወዳጅ ወይም ዘመድ ያለው ሰው ጥላቻው ከሌላው ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል፤ በተለይ ወዳጁ በራሱ አፍ ነግሮት ከሆነ። ከ97 ከመቶው ኢትዮጵያዊ ስንቱ አውቆ አንድ ሰው አግኝቷል? ጥላቻው የተሠራው ከወሬ፣ ከፊልም፣ ከስድብና ከቲክቶክ ነው። ኦሮሞው ሶማሌውን በጥገና ክፍሉ አገኘው፣ አወቀው። ይኼኛውን ሰው የሚያገኙበት የጥገና ክፍል የለም።

ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ሙቀቱ ከተማዋን ሲያስተኛት የሚከፈተውን በርጫ እንመልከት። ምንጣፍ ተነጥፏል፣ ትራስ ተደግፏል፣ የአወዳይ ጫት በላስቲክ መጥቷል፣ ውኃው ቀዝቅዟል። ሰባት ስምንት ጓደኛሞች ናቸው። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳያል፤ ድምፁ ቀጠን፣ እጁ ለስለስ ያለ ልጅ ይጨፍራል። «ቡሽቲ!» ይላል አንዱ። ይሳቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚስቀው ማን እንደሆነ የሚያስተውል የለም። አንዱ አልስቅ ቢል «አንተስ?» ይባላልና ሁሉም ይስቃል። የድሬ ሰው ሆኖ ይህን ጨዋታ ያልተቀመጠበት ጥቂት ነው።

በዚያ ክፍል ውስጥ ስንቱ በእውነት ይጠላል? ይህን ለማወቅ የሚረዳ ድንቅ ጥናት ከሳዑዲ ዓረቢያ መጥቷል። ሊዮናርዶ ቡርሽቲንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት ያገቡ ወጣት የሳዑዲ ወንዶችን ሚስት ከቤት ውጭ ብትሠራ ትደግፋለህ ወይ ብለው በምስጢር ጠየቁ። አብዛኛው ይደግፋል። ጎረቤትህስ ሲባሉ ግን አብዛኞቹ የደጋፊውን ብዛት ከእውነተኛው አሳንሰው ገመቱ። ብዙው ሰው በግሉ የሚያምነውን ሌላው ያን ያህል አያምንም ብሎ ስለሚያስብ፣ የሌላውን ሐሳብ ፈርቶ ይኖራል። በርጫው ላይ ያለው ሳቅ በከፊል እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ሰው የሚስቀው ስለጠላ ሳይሆን ሌሎቹ ይጠላሉ ብሎ ስለሚፈራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ሥራ ከሩዋንዳ አለ። ከዘር ጭፍጨፋው በኋላ «ሙሴኬዌያ» የሚባል የሬዲዮ ድራማ ይተላለፍ ነበር። ኤልዛቤት ፓለክ ድራማውን የሰሙ መንደሮችን ሌላ ድራማ ከሰሙት ጋር አነጻጽራ እ.ኤ.አ. በ2009 ውጤቱን አወጣች። የሰሚዎቹ የግል እምነት ብዙም አልተለወጠም። የተለወጠው በመንደራቸው ምን ማድረግ ተገቢ ነው፣ ሌላው ሰው ምን ይጠብቃል የሚለው ግምታቸውና ባሕርያቸው ነው። ስለ ጥላቻ ከተጻፈው ሁሉ ለእኛ ከተማ ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ግኝት ነው ባይ ነኝ። የማንንም ሃይማኖት መለወጥ ሳያስፈልግ፣ በርጫው ውስጥ አንድ የተከበረ ሰው «ኧረ ተዉ፣ የሰው ልጅ ነው» ቢል ጨዋታው ይቀየራል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ መለየት አለበት። የድሬ ወላጅ ስለዚህ ጉዳይ ሲያስብ ወዲያው የሚመጣበት ሥዕል የሁለት ጎልማሶች ፈቃድ አይደለም፤ ወንድ ልጁ መደፈሩ ነው። ፍርሃቱ ትክክለኛ ነው። በወንዶች ልጆች ላይ የሚፈጸም መድፈር ከባድ ወንጀል ነው፣ የወንጀል ሕጉም ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ላይ የሚፈጸመውን በአንቀጽ 631 ለብቻው አስቀምጦ አክብዶ ይቀጣል። መድፈርን ከዝንባሌ ጋር አንድ ማድረግ ግን መጀመሪያ የሚጎዳው የተደፈረውን ልጅ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በጎረቤት ሰው ተደፍሮ ለአባቱ ሊናገር ሲያስብ፣ ከደረሰበት ሥቃይ ይልቅ ያ በርጫው ላይ የሰማው ስድብ ይመጣበታል። «እኔም እንደዚያ ተባልኩ ማለት ነው» ብሎ ዝም ይላል። ደፋሪው የሚተማመነው በዚሁ ዝምታ ነው። በስድቡ የምንጠብቀው ልጆቻችንን ይመስለናል፤ የምንጠብቀው ግን ደፋሪውን ነው።

ቤተሰብ ዘንድ ስንደርስ ነገሩ ይከፋል። ካትሊን ራያንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2009 በካሊፎርኒያ ባሳተሙት ጥናት ከ21 እስከ 25 ዓመት የሆኑ፣ ተመሳሳይ ጾታ የሚያፈቅሩ 224 ወጣቶች ተሳትፈዋል፤ ነጮችና የላቲን ዘር ያላቸው። በጉርምስናቸው ከቤተሰባቸው ከባድ መገፋት የደረሰባቸው፣ እምብዛም ካልተገፉት ጋር ሲነጻጸሩ ራሳቸውን ለማጥፋት ሞክረው የነበሩት 8.4 እጥፍ ይሆናሉ። ካሊፎርኒያ ድሬዳዋ አይደለችም። እዚያ ከቤት የወጣ ልጅ መጠለያ ሊያገኝ ይችላል። እዚህ የሚጠብቀው ምንድን ነው? አንድም የአዲስ አበባ አውቶቡስ፣ አንድም በደወሌ በኩል ጅቡቲ፣ ከዚያም ኦቦክና የየመን ጀልባ። ስለዚህ ቁጥሩ እንዳለ ባይተከልም፣ የመገፋቱ ዋጋ እዚህ ያንሳል የሚል ሰው ምክንያቱን ማስረዳት ያለበት እሱ ነው።

አባት የልጁን ስልክ አንሥቶ መልእክት ያነብባል እንበል። ከሌሊቱ ወዲያ የሚመጣው ይታወቃል። ክርስቲያን ቤት ከሆነ ጠበል፣ ሙስሊም ቤት ከሆነ ሩቅያ፣ የከፋው ቤት ዱላ፣ ዕድሜው የደረሰ ከሆነ ሠርግ። ጠበሉንም ሩቅያውንም አልነቅፍም፤ የእምነት ጉዳይ ነው። ሠርጉ ላይ ግን እከራከራለሁ። ጌትነት ታደለ አዲስ አበባ ያገኙት ሕይወት እንደሚያስተምረው ጋብቻ ምስጢሩን ወደ ሌላ ሰው ቤት ያሻግረዋል እንጂ አያጠፋውም። የሰው ልጅ ድራ የምታመጣ እናት ምራቷን ምን ውስጥ እንደምትከትት ብታስብ አይጎዳትም። ልጁን ከቤት ማባረር ደግሞ በየትኛው መጽሐፍ እንደታዘዘ የሚያሳየኝ አላገኘሁም። የሃይማኖት አባቶቻችን ድርጊቱን ያወግዛሉ፤ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጎዳና ላይ ይጣል ብለው ሲሰብኩ ግን አልሰማሁም። ይህን ሁለተኛውን ነገር ጮክ ብለው ቢናገሩት ከማንም ጥናት ይበልጥ ሰው ያተርፉ ነበር።

ለወጣቶቹስ «ውጡ፣ ራሳችሁን ግለጹ» ይባላል? የሄሬክ ጥናት ወደዚያ ይመራል፤ የታወቀ ሰው ጥላቻን ያላላልና። እኔ ግን በእኛ ሁኔታ እንዲህ ያለ ምክር ከሩቅ ሆኖ ሰውን እሳት ውስጥ መግፋት ነው እላለሁ። ውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ፊታቸውን ገልጠው መናገር ይችላሉ፣ እየተናገሩም ነው፤ ገንደ ቆሬ የሚኖር የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን ማታ የሚገባው እናቱ ቤት ነው። የለውጡ ሸክም በተደበቀው ላይ ሳይሆን በማይደበቀው ላይ መውደቅ አለበት።

በሕጉ ላይ ያለኝን አስተያየትም ልናገር። በሁለት ጎልማሶች ፈቃድ የተፈጸመን ነገር በእስር መቅጣት ለማንም ሰላም አላመጣም ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉ ጤና ባለሙያውን ከታካሚው፣ ተመራማሪውን ከጥያቄው፣ ልጁን ከአባቱ አርቋል። አብዛኛው አንባቢ በዚህ እንደማይስማማ አውቃለሁ። የሚከተለውን ለመቀበል ግን ከእኔ ጋር መስማማት አያስፈልግም።

ሳቢያን ሆስፒታልም ይሁን ድል ጮራ፣ ሐኪም ፊት የተቀመጠ ወጣት ምስጢሩ የሐኪሙ አደራ ነው። የሐኪም ሥራ ማከም ነው፤ ታካሚን ለፖሊስ ማሳበቅ አይደለም፣ ለወሬም አይደለም። የኤች አይ ቪ ምክር የሚሰጥ ነርስ «ከማን ጋር?» ብሎ ሳይደነግጥ መጠየቅ ካልቻለ ምክሩ ለግማሽ ሰው ነው። መምህር ክፍል ውስጥ ያ ስድብ ሲወረወር እንደ ብሔር ስድብ ቆጥሮ ማስቆም ይችላል፤ ለዚህ የትምህርት ቢሮ ደብዳቤ አያስፈልገውም። በ1999 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲም የሥነ ልቦናና የሶሲዮሎጂ ምሁራኑን ይዞ ከብሔር ግጭት ጥናት አንድ እርምጃ ሊራመድ ይገባዋል። በዚህች ከተማ ልጆች ለምን ከቤት ይወጣሉ፣ ለምን ራሳቸውን ይጎዳሉ፣ የተደፈሩ ወንዶች ልጆች ለምን አይናገሩም የሚሉት ጥያቄዎች የጥናት ሥነ ምግባር ተጠብቆና ስም ሳይነሣ ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው። ጌትነት ታደለ ከአሥር ዓመት በላይ ቀደም ብለው አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ጥናት አድርገዋል።

ለአንባቢም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሰው ፎቶ፣ ስምና ሰፈር ያለበት «እወቁት» የሚል ቪዲዮ ስልክዎ ላይ ቢደርስዎ ለሌላ አያስተላልፉ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም፣ በአንቀጽ 26 ደግሞ ግላዊ ሕይወቱን ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኮምፒውተርና በስልክ ሰውን ማስፈራራትና ስም ማጥፋትን በእስር ይቀጣል፤ ቪዲዮውን የሠራውም፣ ያሰራጨውም በዚህ ሕግ ሊጠየቅ ይችላል።